ዲሴምበር 31ን ያላወቀ ልጅ

ድሮ አንዲት ሴት አረገዘች ሲባል ጥያቄው አንድ ነበር፤ «ስንተኛ ወሯ ነው?» መልሱም በበዓል ይሰጣል። «ፍልሰታን አትሻገርም»፣ «እንግዲህ ለመስቀል ገደማ ነው» ይባላል፤ ጠያቂው «ማርያም ትቅረባት» ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል። ልጁ በደመራ ማታ ቢመጣ፣ ደመራው ነዶ ካለቀ ከሳምንት በኋላ ቢመጣ፣ ዘገየህ ብሎ የሚጠይቀው አልነበረም። የዘንድሮ ልጅ ግን ገና ጣት ሳያበቅል ቀን ይቆረጥለታል። ቀኑም የእናቱ ምስጢር ሆኖ አይቀርም፤ ለአሠሪዋ ይነገራል፣ ለኢንሹራንሱ ይነገራል፣ ትኬት ለሚቆርጠው ይነገራል፣ ስልኳ ላይ ላለ አፕ ይነገራል። በመጨረሻ ለእኔ ለአያቱ ይነገርና «እስቲ አንተም ቁጠርልን» ይባላል። እኔን ምን አገባኝ?

ልጄ ያለችው አሌክሳንድሪያ ነው፤ የግብፁ ሳይሆን የቨርጂኒያው፣ ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ ያለው። ማርገዟን በስልክ ስትነግረን እናቷ እልል አለች፣ እኔም ዓይኔን ጠራረግኩ። ደስታው ደቂቃ አልቆየም፤ «አባዬ፣ የመጨረሻ የወር አበባዬ ማርች 28 ነው፤ በእኛ ስንት ይሆናል? እማዬ ልትቆጥርልኝ ነው» አለችኝ። ለእኔ! ለአባቷ! እኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ሆኜ የስንቷን የወሊድ ፈቃድ ፈርሜያለሁ፤ ግን ደብዳቤው ላይ የሚሰፍረው «በቀረበው የሕክምና ማስረጃ መሠረት» የሚል ጨዋ ቃል ነው እንጂ፣ እንዲህ ያለ ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ አርፎ አያውቅም። ምን ላድርግ፣ ከግድግዳው ካላንደር አወረድኩና መነጽሬን አጠለቅኩ። መጋቢት 19።

ስሌቱን ያስተማረችኝ አዋላጅ ነርስ የሆነችው የእህቴ ልጅ ናት። «ጋሼ፣ ዘጠኝ ወር ይጨምሩና 10 ቀን ይደርቡበት። መሀል ላይ ጳጉሜ ካለች ግን 5 ቀን ብቻ ነው የሚደርቡት፤ ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4» አለችኝ። ደጋግሜ አሰብኩት፤ ልክ ነው። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ናቸው፣ ዘጠኙ 270 ይሆናሉ፤ ጳጉሜ አምስት ታዋጣለች፤ አምስት ሲጨመር 280። ታኅሣሥ 24 ወጣልኝ፣ በእነሱ ጃንዋሪ 2። የልጄም ስልክ ያንኑ ብሏል። ፈረንጆቹ ግን በእጅ ሲያሰሉ የሃይደልበርጉ ሐኪም ፍራንዝ ካርል ኔግለ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያስለመደውን መንገድ ነው የሚከተሉት፤ ሦስት ወር ወደ ኋላ ትመለሳለህ፣ ሰባት ቀን ትጨምራለህ። በዚህ ሂሳብ ማርች 28 ጃንዋሪ 4 ላይ ያርፋል። ሁለት ቀን ከየት መጣ? አንዱን ወር 31፣ አንዱን 30፣ አንዱን 28 አድርጎ የሸነሸነ ሰው ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅበታል። የአሥራ ሦስት ወር ጸጋ እያልን ለቱሪስት ብቻ ስናወራ ኖርን እንጂ፣ ጸጋው ያለው አዋላጆቹ ዘንድ ነው።

ያልገባኝ፣ ዛሬም የማይገባኝ፣ መነሻው ነው። እነዚህ 280 ቀናት የሚቆጠሩት ሴትየዋ ካረገዘችበት ቀን አይደለም፤ ፅንሱ የሚፈጠረው የወር አበባዋ ከመጣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ተብሎ ይገመታል። ስለዚህ «የስድስት ሳምንት እርጉዝ» የተባለችው ሴት ያረገዘችው ገና ከአራት ሳምንት በፊት ነው። በእኔ መሥሪያ ቤት አንድ ሠራተኛ ከመቀጠሩ ሁለት ሳምንት በፊት አገልግሎቱ ይቆጠርልኝ ብሎ ቢመጣ ማህደሩን ይዤ ኦዲት ዘንድ ነበር የምሄደው።

ባለቤቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች። እሷ የምታውቀው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ነው። የጌታ ፅንሰት መጋቢት 29፣ ልደቱ ታኅሣሥ 29፣ መሀል ላይ ጳጉሜ አምስት። ጳጉሜ ስድስት ሆና ስታልፍ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ገና በ28 የሚውለውም ይህ ቁጥር እንዳይፋለስ ነው። «ልጅ የሚቆጠረው ከተፀነሰ ነው እንጂ ካልተፀነሰ ነው እንዴ? አንተ ሰውዬ፣ ተማርኩ ትላለህ!» አለችኝ። ከዚያ ተቀምጣ በጣቷ ቆጠረችና ጥር 3 ብላ ደመደመች። ከጥምቀት በፊት፤ ለክርስትናውም ይመቻል። ስለ መነሻው ከእሷ ጋር መስማማቴን ለማንም እንዳትናገሩ።

ቀጥሎ አልትራሳውንድ መጣ። ሐኪሟ ፅንሱን ከራስ እስከ መቀመጫ ለካችውና ማሽኑ ዲሴምበር 29 ብሎ አረፈ፣ ታኅሣሥ 20 ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚደረገው ልኬት ከሁሉም የተሻለ ነው ይላሉ፤ በኋላ ልጆቹ እንደየወላጆቻቸው ረጅምና አጭር እየሆኑ ስለሚሄዱ ማሽኑም እንደኛ ግምተኛ ይሆናል። ሐኪሟ ግን ቀኑን አልቀየረችም። በዚያ ዕድሜ ልዩነቱ ከሰባት ቀን ካልበለጠ የእናትየው ቀን ይጸናል ነው ደንባቸው። ይህን ወድጄላቸዋለሁ። ማሽን ሚሊዮን ዶላር ቢያወጣም የእናትን ቃል በአራት ቀን አይሽርም።

አማቼ ግን ዲሴምበር 29ን አልለቅም አለ።

አማቼ ጨዋ ልጅ ነው፤ «ጋሼ» ብሎ ቆሞ ነው የሚያናግረኝ። ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ በመሆኑ እርግዝናውንም በኤክሴል ይዞታል። በጁላይ ኢትዮጵያውያን ከየግዛቱ በሚሰባሰቡበት የእግር ኳስ ዝግጅት ላይ እንደ ድሮው መስሎት ሜዳ ገባና ጉልበቱ ተበጠሰ፤ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። እኔና ባለቤቴ ለወሊዱ በመጣንበት በዚህ አገር ኢንሹራንስ አለኝ ማለት ተከፈለልኝ ማለት አይደለም። በየወሩ ከደመወዝህ ይቆረጣል፤ ያ የመግቢያው ነው። ከዚያ ስትታመም መጀመሪያ አንተ ዲዳክቲብል የሚሉትን ከኪስህ ትጨርሳለህ፤ እሱ ሲያልቅ ሂሳቡን በመቶኛ ትካፈላላችሁ፤ የዓመቱ ጣሪያ ላይ ስትደርስ ነው ኢንሹራንሱ ቀሪውን ብቻውን የሚሸከመው። አማቼ በዚያች ጉልበቱ የቤተሰቡን ዲዳክቲብል ጨርሶ ጣሪያውንም ነክቶታል። እንግዲህ ልጁ እስከ ዲሴምበር 31 ከመጣ ወሊዱ ምንም አያስከፍላቸውም። ጃንዋሪ 1 ከነጋ ግን ሁሉም ነገር ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ጉልበቱም በከንቱ ተበጠሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ በዓመቱ የመጨረሻ ቀን የተወለደ ልጅ ለግብር ሂሳብ ዓመቱን ሙሉ እንደኖረ ይቆጠራል። የእኛ አገር በጀት ሰኔ 30 ሲዘጋ መሥሪያ ቤት ሁሉ ወንበርና ወረቀት ለመግዛት ሲራወጥ አይቻለሁ፤ ልጅ ለበጀት መዝጊያ ይድረስልን ሲባል ግን የመጀመሪያዬ ነው።

አማቼ ሐኪሟን ጠየቃት፤ ምጡን በመድኃኒት ዲሴምበር 30 ማስጀመር አይቻልም ወይ ብሎ። 39 ሳምንት ከሞላ በኋላ እናትየዋ ከፈለገች ሊታሰብ ይችላል፣ ከዚያ በፊት ግን ያለ ሕመም ምክንያት አናደርግም አለችው። ዲሴምበር 30 ላይ ልጄ 39 ሳምንት አልፏታል። ሁላችንም ዞረን ልጄን አየናት። «እኔ የኢንሹራንስ ዓመት መዝጊያ አይደለሁም!» አለች። እናቷ ከወጥ ቤት «አበጀሽ!» ስትል ሰማሁ። ጉዳዩ በዚያው ተዘጋ፤ ኤክሴሉ ግን አልተዘጋም።

ለነገሩ የቀድሞውን ሲያወሩልኝ የአሁኑን አመስግን ያሰኛል። በእነሱ አቆጣጠር ከ2014 በፊት በግሉ ኢንሹራንስ ልግዛ ያለ ሰው ሚስቱ እርጉዝ ከሆነች በሩ ይዘጋበት ነበር፤ እርግዝና ቀድሞ የነበረ ሕመም ተብሎ ከስኳርና ከልብ ድካም ጋር ይደረደር ነበር። ሕመም! ሔዋን ሰምታ ቢሆን ምን ትል ነበር። አሁን ሕጉ እርጉዝ ናት ብሎ መከልከልን ከልክሏል፣ ወሊድንም የግድ መሸፈን ካለባቸው አገልግሎቶች ውስጥ አስገብቷል። ሌላም ሕግ አላቸው፤ የ1996 ነው፣ በእነሱ አቆጣጠር። ኢንሹራንሱ በምጥ የወለደችን ሴት ከ48 ሰዓት በፊት፣ በኦፕራሲዮን የወለደችን ከ96 ሰዓት በፊት ከሆስፒታል ውጪ ብሎ አልከፍልም ማለት አይችልም። ይህን ለባለቤቴ ስነግራት ሁለት ቀን ማለቴን መጀመሪያ አላመነችም። «ሁለት ቀን ለመተኛት ሕግ ወጣ?» አለች። አራስ ማለት ለእሷ በሩ ላይ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ገንፎው በቅቤና በበርበሬ እየቀረበ፣ አጥሚቱ እየተቀዳ፣ ጎረቤት እየገባ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የሚላት ሰው ናት። ሻንጣዋን ግማሽ የሞላውም የአጃ ዱቄትና የገንፎ እህል ነው።

ደግሞ ሥራ ያለው እንዲህ ሲጨነቅ፣ የሌለው እንዴት ይሆናል ብዬ አዝኜ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ያገኘሁት አንድ የኡበር ሹፌር ሐዘኔን መለሰልኝ። ገቢው አነስተኛ ስለሆነ የሚስቱን እርግዝና የሸፈነው መንግሥት ነው፣ ሜዲኬይድ ይሉታል። አምስት ሳንቲም አላወጣም። አሜሪካ ውስጥ ከሚወለዱት አሥር ልጆች አራት ያህሉ በዚህ መንገድ ነው የሚወለዱት፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ እናትየዋን ከወሊድ በኋላ ዓመት ሙሉ በሽፋኑ ታቆያታለች። ሰውዬው ሲነግረኝ እየሳቀ ነው። አማቼ የዓመት ደመወዙ የእሱን ስንት እጥፍ እንደሆነ አላውቅም፤ ሌሊት ኤክሴል ከፍቶ የሚቀመጠው ግን አማቼ ነው። በትልልቅ ድርጅቶች ኢንሹራንስ የሚጠቀሙ እናቶች ላይ የተደረገ፣ በ2022 የወጣ ጥናት አንድ እርግዝና ከነወሊዱና ከነድኅረ ወሊዱ በአማካይ ወደ 19,000 ዶላር እንደሚደርስ፣ ከዚህ ውስጥ ወደ 2,900 ያህሉን ቤተሰቡ ከኪሱ እንደሚያወጣ ያሳያል። ይህ እንግዲህ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ነው።

አገራችንን ላወድስ አልተነሳሁም። በመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ወሊድ በነፃ ነው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ነፃ ተብሎ ገብተህ «ጓንት ከውጭ ግዙና አምጡ» ስትባል ነፃነቱ እስከ ፋርማሲው በር ድረስ መሆኑ ይገባሃል። የወሊድ ፈቃዱ ላይ ግን አንከራከርም። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ትወልዳለች ከተባለበት ቀን በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ሰጥቷል፤ እኔ ስፈርም በነበረበት ዘመን የኋለኛው 60 ነበር። የእኛ ሕግ ደግሞ ቀኑ ግምት መሆኑን ያምናል። ቀኑ ካለፈ እስክትወልድ የምትጠብቀው ጊዜ ከዓመት ፈቃዷ ይታሰብ ነበር። ማህደር ክፍሉ ቢገለጥ ገና ሳይወለዱ የእናታቸውን የዓመት ፈቃድ የበሉ ስንት ልጆች አሉ፤ ዛሬ ጢም አብቅለው እኔን መንገድ ላይ ሰላም የሚሉኝ። አሜሪካ በእነሱ አቆጣጠር በ1993 የወጣው ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ነው፣ ያውም ያለ ደመወዝ፣ ያውም 50 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ላለው ድርጅት። አማቼን «ደመወዝ የሌለው ፈቃድ እኮ ከሥራ መቅረት ነው» ብለው «ጋሼ፣ ሥራው ይጠበቅላታል» አለኝ። እንግዲህ ይጠበቅላት።

ዲሴምበር 29 አለፈ። ልጄ ሶፋው ላይ እግሯን ሰቅላ ብርቱካን ትልጣለች። አማቼ በ30 ቅመም የበዛበት ምግብ ይዞ መጣ፣ ምጥ ያመጣል ሲሉ ሰምቶ። በ31 ማታ ጎረቤቱ ርችት ሲተኩስ እሱ ሰዓቱን ያያል፣ እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች፣ ልጁ ውስጥ ሆኖ ይራገጣል። እኩለ ሌሊት ሲሆን «ሃፒ ኒው ይር» ብለው ተሳሳሙ፤ አማቼ ግን ሲስማት ፊቱ የቀብር ነበር። ጃንዋሪ 2 መጣ፣ ታኅሣሥ 24፣ የቆጠርነው ቀን። ስልኩ ተጀመረ። ከአዲስ አበባ፣ ከቶሮንቶ፣ ከዱባይ፤ «ወለደች?»፣ «ምነው ዝም አላችሁ?»፣ «ቀኗ ዛሬ አይደል?» ቀኑን ለዓለም የበተነችው ባለቤቴ ናት፣ ስልኩን የምመልሰው እኔ ነኝ። ከመቶ ልጆች አራት ወይም አምስት ብቻ ናቸው በተባለላቸው ቀን የሚወለዱት ብዬ ሳስረዳ አንዷ አክስቷ «ታዲያ ለምን ትቆጥራላችሁ?» ብላ ዘጋችብኝ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም።

የመጣው በገና ዋዜማ ዋዜማ ነው፣ ታኅሣሥ 27 ሌሊት። ከስልኩም፣ ከማሽኑም፣ ከጀርመኑ ሐኪምም፣ ከአያቱም ቀን አልገጠመም። ወንድ ነው፣ ጤናማ ነው፣ ድምፁ ጎላ ያለ ነው፤ እናቱም በሰላም ተገላገለች። ባለቤቴ የሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እልልታዋን ስታቀልጠው ነርሶቹ እየሮጡ መጡ፣ ሰው ወድቆ መስሏቸው። አማቼ ልጁን ሲያቅፍ ዲዳክቲብል የሚባል ነገር በምድር ላይ መኖሩን ረሳ። ለአንድ ሰዓት ያህል።

ከዚያ ስሙ መጣ። ልጁን በአሠሪዋ ኢንሹራንስ ውስጥ ለማስመዝገብ ያላቸው 30 ቀን ነው፤ በጊዜው ካስመዘገቡት ሽፋኑ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ ይታሰብለታል፣ ካሳለፉት የራሳቸው ጉዳይ ነው። ባለቤቴ ደግሞ ክርስትና በአርባ ቀን ነው፣ እስከዚያ ምን ያስቸኩላችኋል ትላለች። የክርስትና ስምና የመዝገብ ስም የተለያዩ መሆናቸውን ሳስረዳት «እሱንስ አውቃለሁ፤ ግን ልጅ ሳይጠመቅ መዝገብ የሚገባው ለማን ተብሎ ነው?» አለች። ሴት ብትሆን ሰማንያ ቀን ልትጠብቅ ነበር። ልጄና አማቼ ስም ላይ አልተስማሙም፤ አንዱ ፈረንጅ በቀላሉ የሚጠራው ይሁን ይላል፣ አንዷ አያቴ ይታሰቡልኝ ትላለች። በሆስፒታሉ ወረቀት ላይ ልጁ ለጊዜው «ቤቢ ቦይ» ነው፣ ከኋላው የእናቱ ስም ተከትሎ።

በዚህ መሀል ፖስታ መጣ። ታካሚ፦ ቤቢ ቦይ። ወረቀቱ በዓምድ ተከፋፍሏል፤ ሆስፒታሉ የጠየቀው፣ ኢንሹራንሱ የተቀበለው፣ ኢንሹራንሱ የከፈለው፣ እርስዎ ሊከፍሉ የሚችሉት። በአናቱ ላይ በደማቁ «ይህ የክፍያ መጠየቂያ አይደለም» ተብሎ ተጽፏል፤ ከሥሩ ያለው ቁጥር ግን አራት አኃዝ ነው። ልጁ ጭኔ ላይ ተኝቷል። ባለቤቴ አጥሚት እያማሰለች «ምን ይላል?» አለችኝ።

«ክፈል አላልንህም ይላል።»

«ታዲያ ምን ፈልገው ነው የጻፉለት?»

«ለክትትል ነው» አልኳት። የመሥሪያ ቤት ሰው ነኝ፤ ግልባጭ ሲደርሰኝ አውቃለሁ። ዋናው ደብዳቤ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል።